ኔልሰን የማን ልጅ ነበር

ሚስተር ሉተር ሃርዊክ በዘጠና አንድ ዓመታቸው የሚፈልጉት አንድ ወረቀት ነበር። አያታቸው ኔልሰን ሃርዊክ የአይዛክ ሃርዊክ ልጅ መሆኑን የሚናገር፣ በዘመኑ የተጻፈ ወረቀት። ዓይናቸው ግን ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ወረቀቱን የሚፈልግላቸውም፣ የተገኘውን የሚያነብላቸውም በድረዲን ነበር።

በድረዲን የወሎ ሰው ነው፤ የቃሉ አውራጃ ልጅ፣ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቱ ሱብሒ ሰግዶ ይነሳና የቀለበት መንገዱ ቤልትዌይ ሳይጨናነቅ ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ይገባል። ሥራው ሽማግሌና አሮጊት በየቤታቸው መንከባከብ ነው። የቀጠረው ኤጀንሲ የሰጠው ቅጽ ላይ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ መድኃኒት ማስታወስ ይላል፤ ማንበብ አይልም። እንግሊዝኛውንም ክፍል ተቀምጦ አልተማረውም፤ ታክሲ ሲነዳ ከሬዲዮና ከተሳፋሪ ለቃቅሞ ነው የያዘው። ግን ሰው ሲያወራ አያቋርጥም። ሚስተር ሃርዊክ በመጀመሪያው ሳምንት፣ "ካንተ በፊት የነበረችው ልጅ ጆሮዋ ስልኳ ውስጥ ነበር። አንተ ትሰማለህ" ብለውታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚስተር ሃርዊክ ቤት ሁለት ማይል ርቆ፣ ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ጀርባ፣ በሽቦ የታጠረች የመቃብር ቦታ አለች። አሥራ ሰባት መቃብር ነው ያለባት። ጽሕፈት ያለው ድንጋይ የቆመው በአንዱ ላይ ብቻ ነው፤ "ዳይና ሃርዊክ፣ የአይዛክ እናት" ይላል። ሚስተር ሃርዊክ ልጅ ሳሉ፣ አያታቸው ኔልሰን በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ በአንዱ እሁድ እጃቸውን ይዞ እዚያ ይወስዳቸው ነበር። ያንበረክካቸውና "ይቺ የአባቴ እናት ናት። እኔ ስሞት እዚህ የምትመጣው አንተ ነህ" ይላቸዋል። መጥተዋልም፤ ሰባ ዓመት ሙሉ፣ ዓይናቸው እስኪጠፋ።

አሁን ቦታውን የገዛ ድርጅት ፎቅ ሊሠራበት ነው። አጽሙ ተነስቶ ሌላ ስፍራ ይወሰዳል ተብሏል። ይህን ማስቆም የሚችል የሟች ዘር ነው፤ ዘርነቱን በሰነድ ያስመሰከረ፣ ማመልከቻውንም እስከ ማርች መጨረሻ ያስገባ።

"አያቴ ነገረኝ ቢሉስ?" ብሎ ጠይቋቸው ነበር በድረዲን።

"ይቻላል። ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል።" ሚስተር ሃርዊክ አርባ ዓመት ፖስታ ሲያድሉ ነው የኖሩት። "እኔ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ፣ በድር። ወረቀት ካልያዝክ ፊትህንም አያዩት።"

ይሄ ለበድረዲን እንግዳ ነው። እሱ ልጅ ሳለ አባቱ ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ላይ ዘሩን ያስቆጥሩት ነበር። በድረዲን፣ ሙዝደሊፋ፣ ኑዕማን፣ ሱሃይብ እያለ ሰባት ቤት ይደርሳል። የልጅ ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት። አንዱን ከዘለለ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ወረቀት አምጣ ያለው ሰው የለም።

የሃርዊኮች ግን ሌላ ነበር። ስሙ አንድ፣ ቤቱ ሦስት።

"አንደኞቹ ከእንግሊዝ በመርከብ መጥተው መሬቱን የያዙት ናቸው" አሉት ሚስተር ሃርዊክ ፍለጋውን የጀመሩ ቀን። "ሁለተኞቹ ከነሱ ጋር የማይተዋወቁ፣ በርሜል ሠሪ ድሆች። ሦስተኞቹ እኛ።"

"እናንተስ ስሙን ከየት አመጣችሁት?"

"ከአንደኞቹ ነዋ! ባሪያ አድርገው ጉልበታችንን ወሰዱ፣ ስማቸውን ሰጡን።" ሳቁ። "በርሜል ሠሪዎቹ ቢገዙን ይሻል ነበር። አንድ በርሜል እንኳ ይደርሰን ነበር።"

ችግሩ ሦስቱም ቤት ወንድ ሲወልድ አይዛክ ማለት መውደዱ ነው። በድረዲን ደብተር ገዝቶ ገጹን በማስመሪያ ለሦስት ከፈለው፤ አይዛክ በተገኘ ቁጥር የየትኛው ቤት እንደሆነ እስኪለይ በእርሳስ ይጽፈዋል፣ ሲለይ በእስክሪብቶ። ማክሰኞና ሐሙስ ሚስተር ሃርዊክን በዊልቸር እየገፋ የከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ የአሮጌ መዛግብት ክፍል ይወስዳቸዋል። ቦታው ጮክ ብሎ ማንበብ አይፈቀድበትም። ስለዚህ ወንበሩን ያስጠጋና ጆሯቸው ሥር ያንሾካሹካል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን በደረታቸው ላይ ጥለው ይሰማሉ። የተኙ ይመስላል፤ አንድ ስም ሲሳሳት ግን ጣታቸው ይነሳል።

ክረምቱን እንዲህ አሳለፉት። የመሬት ሽያጭ፣ የኑዛዜ፣ የግብር ወረቀት። በርሜል ሠሪዎቹ በገና ሰሞን ተለይተው ወጡላቸው፤ ባለመሬቶቹ ደግሞ በፌብሩዋሪ። አንድ ቀን በአንድ ባለመሬት ኑዛዜ ውስጥ፣ ከአልጋና ከላም መካከል፣ በነጠላ ስም የተደረደሩ ሰዎች አገኙ።

"ሳም" አለ በድረዲን እያንሾካሸከ። "ቤስ። ዳይና። አይዛክ፣ የዳይና ልጅ።"

"እዚያ ጋ ቁም።"

ቆመ።

"ከምን ቀጥሎ ነው የጻፏቸው?"

በድረዲን አመነታ። "ከ... ከአንዲት ጥጃ።"

"ጥጃዋ ስም አላት?"

"የላትም።"

"እንግዲህ በልጠናታል" አሉ ሚስተር ሃርዊክ።

አይዛክ የዳይና ልጅ መሆኑ በዚህ ተገኘ። የቀረው ኔልሰን የአይዛክ ልጅ መሆኑ ነበር።

ማመልከቻው ሊዘጋ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ባሪያዎችን ነጻ ካወጣው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የተጻፈ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ቀረበላቸው። ጽሕፈቱ የሸረሪት እግር ነው። ገጽ በገጽ፣ ነጻ የወጡ ሰዎች ልጆች በነጠላ ስም ተመዝግበዋል፤ ሉሲ፣ ፒተር፣ ሮዝ። አባት የለ፣ አያት የለ። በድረዲን ከአርባ ገጽ በላይ በዚህ ዓይነት ካነበበ በኋላ ቆመ። የ1866 ገጽ ላይ ሁለት ስም ጎን ለጎን ተጽፏል፤ ኔልሰን አይዛክ።

"ኔልሰን፣ የአይዛክ ልጅ" ብሎ አነበበ።

ሚስተር ሃርዊክ ጣታቸውን አላነሱም። ዓይናቸውን ገለጡት፤ የማያየውን።

"እንደሱ ነው የሚለው?"

"እንደሱ ነው የሚለው።"

"ልጅ፣ ይላል?"

በድረዲን ስሙን እንደገና አየው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስምን የሚያነበው በአንድ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው አባት ነው። ሌላ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በአጠገቡም አላለፈ።

"ይላል" አላቸው።

ሽማግሌው እጁን ፈልገው ያዙት። መዳፋቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ነበር።

"በድር፣ እያለቀስክ ነው?"

"ጉንፋን ነው።"

"እኔንም ይዞኛል" አሉ።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ጸጉሯ አጭር የሆነ ቀጭን ሴት፣ ሲወጡ በር ላይ አገኘቻቸው። ጦርነቱ እንዳበቃ ነጻ የወጡ ባልና ሚስቶች ከነልጆቻቸው የተመዘገቡበት መዝገብ ፎቶ የተነሳበት ፊልም እንዳለ፣ ከሪችመንድ ተጠይቆ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ጥያቄውን ዛሬ ካስመዘገቡ ግን ለማመልከቻው ቀን እንደሚጨመርላቸው ነገረቻቸው።

"ምን ትላለህ?" አሉት ሚስተር ሃርዊክ።

"ምን ያደርግልናል? አግኝተናል እኮ። አልሐምዱሊላህ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ እሳቸውም፤ ከሱ ለምደውት ነበር።

ማመልከቻውን ኮምፒውተር ላይ የሞላችው ልጁ ሲሐም ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ነርሲንግ የምትማር። አባቷ ከደብተሩ እያነበበ፣ እሷ ትጽፋለች።

"ባባ፣ የመዝገቡን ስካን አንዴ ቼክ ላድርገው?"

"አይተነዋል፣ ሲሑ። ክላስሽ ያልፍብሻል፤ ላኪው።"

ላከችው።

መልሱ በሜይ መጨረሻ፣ ከምሳ በኋላ መጣ። በድረዲን ፖስታውን ቀዶ ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ መካከል ላይ ተቀመጠ።

"ምን ይላል?"

"በአራተኛው ማስረጃ የተጠቀሰው ኔልሰን፣ በ1870 በአራት ዓመቱ እንደሞተ የዚያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ያሳያል። የአመልካቹ አያት ሊሆን አይችልም። ውሳኔው የመጨረሻ ነው።"

ውጭ አንድ ሰው ሣር ያጭዳል፤ የማሽኑ ድምፅ ይቀርባል፣ ይርቃል።

"የአይዛክ ኔልሰን ሕፃን ሆኖ ሞቷል" አሉ ሚስተር ሃርዊክ።

"እንደሱ ነው የሚለው።"

"ታዲያ እኔን እጄን ይዞ የሚወስደኝ ማን ነበር?"

በድረዲን ደብዳቤውን አጠፈው።

"ዋሽቶኛል" አሉ ሚስተር ሃርዊክ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ የጠፋ አድራሻ እንደሚያነብ ሰው ነበር። "ሽማግሌው ዘር ስለሌለው የሞተ ሕፃን ስም ለብሶ ኖረ። እኔን ደግሞ ሰባ ዓመት የሰው መቃብር ላይ አንበረከከኝ።"

በድረዲን ደብዳቤውን ይዞ ቤቱ ሲደርስ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ሚስቱ ዙህራ ምስር እየለቀመች፣ ሲሐም ላፕቶፗን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ደብዳቤውን ሰጣት። አንብባ ስካኑን ከፈተችው። ቀረብ ብላ አየችው፤ ከዚያ አባቷን አየችው።

"ባባ፣ ልጅ የሚለው የታለ?"

"ኔልሰን አይዛክ አይልም?"

"ይላል። አይዛክ እኮ ላስት ኔሙ ነው።"

"አባቱ ነዋ።"

"ኖ፣ ባባ። የፋሚሊው ስም ነው። እዚህ ታች እያቸው፣ ሜሪ አይዛክ፣ ቶማስ አይዛክ። አይዛክ የሚባሉ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ሃርዊክ አይደሉም። የሞተው የነሱ ልጅ ነው።"

"አንቺ ሲሐም በድረዲን ስትባዪ፣ በድረዲን ማን ነው?"

"አንተ ነህ! ግን እኔ የአንተ ልጅ ነኝ፣ እሱ አሜሪካዊ ነው! ባባ፣ ሃያ ዓመት እዚህ ኖረህ!"

"ሲሐም!" አለቻት ዙህራ።

"ሶሪ።" ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሶሪ፣ ባባ። እኔም ማየት ነበረብኝ።"

በድረዲን ስካኑን አፍጥጦ ሲያይ ቆየ። ክሊኒክ ሄደው ሦስቱም የተለያየ የአባት ስም ስለያዙ፣ እውነት ቤተሰብ ናችሁ ወይ ተብለው ስንት ጊዜ ተጠይቀዋል። ስንት ጊዜ እሱ ራሱ ሳይሰለች አስረድቷል። አገሩ ሌላ፣ ስሙ ሌላ መሆኑን ያውቃል። ያን ቀን ግን፣ ከአርባ ገጽ ነጠላ ስም በኋላ፣ የአባቱን ድምፅ የሰማ መስሎት ነው ያነበበው። ሽማግሌው "ልጅ፣ ይላል?" ብለው ጠይቀውታል እኮ። ይላል ብሏቸዋል።

"ነገ ጠዋት ንገራቸው፣ በድሩ" አለችው ዙህራ።

"ባዶ እጄን?"

"ባዶ እጅህን። ስህተቱ የኔ ነው፣ አያትዎ አልዋሹም በላቸው።"

"አልዋሹም ብዬ በምን አውቄ? ፊልሙን ላስመጣው። ወረቀቱን ይዤ ብነግራቸው አይሻልም?"

"ለሳቸው ነው ላንተ የሚሻለው?"

በድረዲን በማግስቱ ደውሎ ፊልሙን አስመዘገበ። ሦስት ሳምንት ነው፤ ሦስት ሳምንት ምን አላት አለ ለራሱ። ሚስተር ሃርዊክ ፊት ቆሞ "የማይለውን ይላል ብዬዎታለሁ" ማለትን ባሰበው ቁጥር ለነገ ያስተላልፈዋል። ከሶላት በኋላ ኢስቲግፋር ያበዛል፤ ይቅርታ የሚጠይቀው አላህን ብቻ መሆኑ ደግሞ ይታወቀዋል።

በሁለተኛው ሳምንት መቃብሮቹ ተቆፈሩ። አሥራ ሰባት ትንንሽ ሣጥን፣ በየሣጥኑ ቁጥር። ወደ አንድ የሕዝብ መቃብር ተወሰዱ። የዳይናን ድንጋይ የሚረከብ ዘመድ ስላልተገኘ መጋዘን ገባ። በድረዲን ይህን ከአካባቢው ጋዜጣ ላይ አነበበላቸው፤ እሳቸው ናቸው አንብብልኝ ያሉት። ሲጨርስ፣ "ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አውርደው" አሉት።

"የአያትዎን?"

"የማንን እንደሆነ አላውቅም። አውርደው።"

"ሚስተር ሃርዊክ፣ ስለዚያ መዝገብ አንድ ነገር..."

"ተወው በድር። በቃኝ።"

ተወው። ሰው ሲያወራ የማያቋርጠው በድረዲን፣ ማቋረጥ የነበረበት ያን ጊዜ ነበር። ፎቶውን አውርዶ ቁምሣጥን ውስጥ፣ በተጣጠፉ አንሶላዎች መካከል አስቀመጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስተር ሃርዊክ ምግብ እየቀነሱ ሄዱ። የሚቀልዱትም ነገር አጠረ።

ፊልሙ የመጣው በጁን አጋማሽ፣ ሐሙስ ዕለት ነው። በድረዲን የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዶ ብቻውን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደ። የፊልም ማንበቢያው ማሽን ፊት ተቀምጦ ቢስሚላህ ብሎ መዘውሩን አዞረው። ሁለት ሰዓት አለፈ። ከዚያ መጣ። አይዛክ ሃርዊክ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ የእርሻ ሠራተኛ። ሚስት፣ ጀሚማ። ልጆች፣ ሱዛን ሦስት ዓመት፣ ኔልሰን ሁለት ወር።

ዓይኑን አላመነም። ፎቶ አንስቶ ለሲሐም ላከላትና ደወለ።

"ያለውን ብቻ ንገሪኝ። ምንም አትጨምሪ።"

"አይዛክ ሃርዊክ ይላል። ችልድረን ይላል። ከሥሩ ሱዛን፣ ኔልሰን። ባባ፣ ዚስ ኢዝ ኢት። አራት ጊዜ አየሁት።"

ሚስተር ሃርዊክ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። በድረዲን ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራቸው። በአገሩ ስም እንዴት እንደሚነበብ፣ መዝገቡ ላይ ያልተጻፈ ቃል እንዳነበበላቸው፣ ከዚያ ፊልሙን። ሳያቋርጡት ሰሙት፤ እሱ ሲሰማቸው እንደኖረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

"መቼ ነው ያገኘኸው?"

"ዛሬ። አሁን።"

"ከተቆፈረ በኋላ።"

"አዎ።"

"ስህተቱንስ መቼ አወቅኸው?"

"ደብዳቤው የመጣ ዕለት።"

"ደብዳቤው የመጣ ዕለት" አሉ ደግመው። ከዚያ፣ ይሄ ነው በድረዲንን ያስደነገጠው፣ ፈገግ አሉ። እጃቸውን ሰደው ራሱን ዳበሱት። "ስማኝ። ባለቤቴ ስትሞት ሐኪሙ ምንም ሕመም አልተሰማትም አለኝ። እኔ እጇን ይዤ ነበር፤ እንዳመማት አውቃለሁ። አመሰገንኩት።"

"እኔ እንደሱ አይደለም። ወላሂ..."

"አምላክህን እዚህ ውስጥ አታስገባው፣ በድር።"

"ፎቶው ስልኬ ላይ አለ። ልጄ ታንብብልዎት፤ አሁኑኑ ልደውልላት።"

"ልጅህ ያንተ ልጅ አይደለች? አንተ ያልካትን ነው የምትለኝ።"

"የመዛግብቷ ሴትዮ ትምጣ።"

"እሷም ታዝንልኛለች። ሁላችሁም አዝናችሁልኛል፤ አውቃለሁ።" እጃቸውን መለሱ። "ሰው ተሳስቶ ሲያውቅ በማግስቱ ይናገራል። ሦስት ሳምንት የሚፈጀው ለዓይነ ስውር ሽማግሌ የሚሆን ታሪክ ማበጀት ነው። ቆንጆ አድርገህ አበጅተኸዋል። ሁለት ወር፣ አልክ? እህትም ጨመርክለት።"

"ሱዛን" አለ በድረዲን። "ሱዛን ነው የሚለው።"

"እሺ። ሱዛን።"

በድረዲን ስልኩን አወጣ። ፎቶውን አስፍቶ፣ ቃል በቃል፣ ሰረዙንና ነጥቡን ሳያስቀር፣ እንደ ተጻፈው ማንበብ ጀመረ። "አይዛክ። ሃርዊክ። ሃያ ስድስት..." ድምፁ እየተሰበረ እስከ መጨረሻው አነበበው። ሚስተር ሃርዊክ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ፣ ጣታቸውን ሳያነሱ ጨረሰ።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"ስንት ሰዓት ሆነ?"

"አሥር ሰዓት ሊሆን ነው።"

"ከመሄድህ በፊት የነገውን አየር አንብብልኝ።"

በድረዲን ፎቶውን ዘጋው። የአየሩን ገጽ ከፈተ። ፊደሎቹ ዓይኑ ውስጥ ይዋኛሉ፤ በእጁ ጀርባ ጠረገው።

"ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው የሚለው። እስከ ማታ።"

"እስከ ማታ" አሉ ሚስተር ሃርዊክ አገጫቸውን እየነቀነቁ። "እንግዲያስ ድልድዩ ላይ መኪና ይቆማል። ማልደህ ውጣ።"